በሽፈራው ሱቅ በር ሥር የገባው ካርድ

እናንተ በእንቁጣጣሽ ማለዳ በስልክ አበባ የምትላላኩ ሰዎች፣ አልቀየማችሁም። አበባው ያምራል። አንዳንዱ እንዲያውም ይንቀሳቀሳል፤ ቢራቢሮ መጥታ ታርፍበታለች። የእኔ ቅሬታ ያንኑ አበባ ከነቢራቢሮው ለአክስታችሁም፣ ለአለቃችሁም፣ ለቤት አከራያችሁም መላካችሁ ነው። አክስታችሁም ከየት እንደመጣ ረስታ መልሳ ለእናንተው ትልከዋለች። እንዲህ ሲዞር የዋለ ሰላምታ የማን ነው? ለእኔ ሰላምታ ማለት አንድ ሰው ሌላውን አስቦ የሚናገረው ቃል ነው። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። እኔ ንባብ የለመድኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ዜናው ብዙ ጊዜ ግማሹ የተቀደደ ስለነበር የቀረውን በራሴ አስቤ መጨረስ ነበረብኝ። ልማዱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ሰው ያልጠየቀኝን ሁሉ እጨርስለታለሁ።

መርካቶ ውስጥ ገመድና ሸራ እሸጣለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ዓመቱ ሊለወጥ ሲል፣ ካርድ እጽፋለሁ። ካርዶቹን የገዛኋቸው የጽሕፈት መሣሪያ መሸጥ ትቶ ወደ ስልክ ሽፋን ከዞረ ጎረቤቴ ነው። አደይ አበባ ተስሎባቸዋል፤ ከአበባው በላይ በዘንድሮዎቹ ላይ «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረዎ» የሚል ታትሞባቸዋል። ወንጌላውያኑ በተራ ስለሚመጡ ማርቆስ አንዴ ካለፈ እንደገና የሚመጣው በአራት ዓመቱ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ተራው የደረሰውን ወንጌላዊ ከሣጥን አወጣለሁ፤ ሦስቱ ከናፍታሊን ጋር ተኝተው ይጠብቃሉ።

የታተመው ቃል የአታሚው ነው። የእኔ የሚሆነው ከሥሩ በእጄ የምጽፈው ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ምክር እጽፋለሁ። ሰው ራሱን የሚያርመው በአዲስ ዓመት ነው ብዬ ስለማምን ለእያንዳንዱ ዘመድና ወዳጅ ዓመቱን ሙሉ ያየሁበትን ጉድለት አስታውሰዋለሁ። ለባለቤቴ ወጥ ላይ ጨው እንድትቀንስ ጻፍኩላት። ለልጄ ለሰናይት «ስልክሽን ከትራስሽ ሥር አውጪ» ብዬ ጻፍኩላት። ካርዱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለጓደኞቿ በተነችውና መጣችብኝ።

«አባዬ፣ ያንተ ካርድ እኮ የደንብ ማስከበር ማስጠንቀቂያ ነው። ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው።»

«የሚመክርሽ አባት ስላለሽ አመስግኚ» አልኳት።

«አመሰግናለሁ። ጓደኞቼም ሥቀው ሞቱ።»

ካርዶቹን ለየቤቱ የሚያደርስልኝ ቦጋለ ነው። ቦጋለ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነው፤ ሰው ሲሞት በየመንደሩ እየዞረ የሚያረዳው እሱ ነው። ከእሱ የተሻለ የሰውን በር የሚያውቅ የለም። ጉዳቱ ምን መሰላችሁ፣ ሰዎች በራቸውን ከፍተው ቦጋለን ሲያዩ እጃቸው ወደ ራሳቸው ይሄዳል። እሱም «ኧረ ማንም አልሞተም! የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ነው!» ይላል። ሰዎቹ በደስታ ካርዱን ይቀበላሉ፤ ከዚያ ያነቡትና ደስታው ይቀንሳል።

ዘንድሮ ካርዶቹን ጽፌ የጨረስኩት በነሐሴ ነው። ጳጉሜን ሲገባ ለቦጋለ አስረከብኳቸው። ልክ በዚያው ሰሞን ነው ሽፈራው የሞተው።

ሽፈራው በርበሬ በረንዳ በርበሬ ይሸጥ ነበር። ወጣት ሆነን መርካቶ ከገባን ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። በበርበሬ ክምር መሀል ተቀምጦ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከእሱ ሌላ አላየሁም። ሳል ሲያፍነው በርበሬውን ይከሳል። «ይሄ የማረቆ በርበሬ ሊገድለኝ ነው!» ይላል፤ ትንፋሹ ሲመለስለት አንድ ሲጋራ ይለኩሳል። አንድ ማለዳ ሳሉ ያዘው፤ አለቀቀውም። ቦጋለ ጡሩንባውን ነፋ። ቀበርነው፣ ድንኳን ተቀመጥን፣ ሠልስቱም አለፈ። እንዲህ ባለ ቀን ካርድ የሚያስታውስ ሰው ካለ ከእኔ የተለየ ፍጥረት ነው።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ሰናይት ለሽፈራው ሚስት ለዘነበች ቤታችን የተሠራውን ወጥ ይዛ ሄደች። ለቅሶ ቤት እንኳን አደረሳችሁ አይባልም፤ ምግብ ይወሰዳል፣ ቁጭ ይባላል፣ ዝም ይባላል። እኔም ከሰዓት ልሄድ አስቤ ሱቄን አይቼ ልመለስ ወጣሁ። ካፊያ ነበር። ሱቆቹ ዝግ ናቸው። የፕላስቲክ ዕቃ ሻጩ ሐጂ ከድር ብቻ አንዱን በር ገርበብ አድርጎ ተቀምጧል፤ እጁ ላይ ሙሸበክ፣ ጢሙ ላይ የሙሸበኩ ማር አለ።

«ና፣ ና አንተ ሰውዬ!» አለኝ። «ካርድህ ደረሰኝ። ‹ስኳር በሽታ እያለብህ ሙሸበክ ትበላለህ፤ ሞትህን በማር እያሻሸህ ነው› ትለኛለህ? በበዓል ቀን? ወላሂ፣ ከምክርህ አንድ ጥቅል ገመድ ብትልክልኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ገመዱን ምን ልታደርግበት?»

«አንተን ላስርበት ነዋ!» አለና ሣቀ። ከዚያ ሣቁ ቆመ። «ለነገሩ እኔን በሙሸበክ ማረኸኛል። ለሽፈራው፣ አላህ ይዘንለትና፣ ምን ብለህለት ነበር?»

የጻፍኩት ትዝ አለኝ። ገና በነሐሴ፣ ሽፈራው እየሳለ ሲጋራ ሲለኩስ አይቼው በንዴት የጻፍኩት ነው። «በዚህ ከቀጠልክ ለሚመጣው ዓመት እንኳን አደረሰህ የሚልህ አይኖርም» ብዬዋለሁ። ካርዱ ደግሞ ከቦጋለ ጋር ነው። ወይም የሐጂ ከድር ካርድ ከደረሰ የሽፈራውም ደርሷል ማለት ነው። ሽፈራውና ዘነበች ልጅ የላቸውም። ዘነበች ማንበብ ስለማትችል ካርዱን ለጎረቤት ሰጥታ ታስነብባለች። ያ ጎረቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በሰው ፊት፣ ያንን ያነብላታል። ይህ እንዳይሆን ከመሮጥ በቀር የማደርገው አልነበረኝም፤ በዚህ ዕድሜዬ በከረባትና በካፖርት ሮጥኩ።

ቦጋለ የሚኖረው ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲወረድ ነው። ስደርስ ዶሮ ወጥ ቀርቦለት ሊቆርስ ነበር። እኔ ትንፋሼ ተቆራርጦ በሩ ላይ ስቆም ብድግ አለ።

«ማን ሞተ?» አለኝ፤ እጁ ወደ ጡሩንባው ሄደ።

«ማንም አልሞተም! የሽፈራውን ካርድ የት አደረግከው?»

«እሱን? አድርሻለሁ።»

«ለሞተ ሰው ካርድ ታደርሳለህ?»

ተቀየመኝ። «ጋሼ፣ ሲሰጡኝ አልሞተም ነበር። አደራ ተቀብዬ ሰውየው ሞተ ብዬ ላስቀረው? ግን እኔም ሰው ነኝ፤ አስቤበታለሁ። ቤት ብወስደው ነውር ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳን አደረሳችሁ አይባልም። ስለዚህ ሱቁ ወሰድኩት። ሱቅ መቼም ለቅሶ አይቀመጥም። በበሩ ሥር አሾለክሁት።»

ስለ ቦጋለ አእምሮ ከዚያ በፊት የነበረኝን ግምት ማሻሻል አለብኝ፤ እኔ ያልደረስኩበት ቦታ ደርሷል።

«ምን አስቸኮለዎት?» አለኝ ሥጋውን እየጎረሰ፣ «እትዬ ዘነበች ሱቁን የሚከፍቱት ነገ ነው አሉ። በርበሬው እርጥበት እንዳይመታው ሊያዩት ነው።»

ወደ በርበሬ በረንዳ ተመለስኩ። በአዘቦት ቀን ሰው ለሰው የማያሳልፈው መንገድ ባዶ ነው፤ ሽታው ግን በዓል አያውቅም፣ ከሩቅ አፍንጫ ይይዛል። የሽፈራው ሱቅ የብረት በር በትልቅ ቁልፍ ተዘግቷል። ተንበርክኬ በሥሩ ሳይ የካርዱ ጫፍ፣ ቢጫው አበባ፣ ትንሽ ገባ ብሎ ታየኝ። እጄን ሰደድኩ፤ ጣቴ አልደረሰም። ኪሴን ፈተሽኩ። የገመድ ነጋዴ ኪስ ውስጥ ገመድ አይጠፋም፤ ገመድ ደግሞ የሚጎተት እንጂ የሚገፋ ነገር አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸጠው ይህን ጉድለቱን አላስተዋልኩም ነበር።

ከቆሻሻ መሀል ሽቦ አገኘሁ። ካፖርቴን እንዳይበላሽብኝ ሰብስቤ፣ በደረቴ ተኝቼ፣ ጉንጬን ከመሬት አጣብቄ መቆስቆስ ጀመርኩ። በቆሰቆስኩት ቁጥር ካርዱ ወደ ውስጥ ይሄዳል። በመጨረሻ ተናድጄ ሽቦውን በኃይል ጠረግኩት። ካርዱ ከዓይኔ ጠፋ። በእሱ ፈንታ ዓመቱን ሙሉ ከበሩ ሥር የተጠራቀመው የበርበሬ ብናኝ ተጠርጎ መጣና ዓይኔና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

የበርበሬ ነጋዴዎችን ከዚያ ቀን ጀምሮ አከብራለሁ። አነጠስኩ። ጮኽኩ። እንባዬ፣ ንፍጤ፣ ምራቄ አንድ ላይ ወረደ። በአንድ እጄ ዓይኔን ስጠርግ እጄ ላይ ያለው በርበሬ ተጨመረበት፤ በሌላው ስጠርግ እሱም የራሱን አመጣ።

«ማነህ አንተ! ሌባ! ተነሥ!» የሚል ድምፅና የዱላ ኳኳታ ሰማሁ። የአካባቢው ጥበቃ ነው። ፊቴን ሳዞርለት ዱላውን ጣለ። «ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ወይኔ! ወይኔ ጋሼ!»

ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ ከበዓል ጉብኝት የሚመለሱ ሴቶች ከበቡኝ።

«ጓደኛቸው ነበሩ እኮ» አላቸው ጥበቃው በሐዘን። «ሱቁ በር ላይ ተደፍተው ነው ያገኘኋቸው።»

«እሰይ! ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው!» አለች አንዷ፤ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። «የኔ ባል ቢሞት እንዲህ የሚያለቅስለት ጓደኛ አለው ብለሽ ነው?»

«ላንቺ ባልማ የጠጅ ቤቱ ባለቤት አለለት» አለቻት ሌላዋ።

«በርበሬው ነው!» አልኩ እንደምንም።

«አዎ ጋሼ፣ በርበሬው ነው» አለችኝ የመጀመሪያዋ፣ ሕፃን እንደምታባብል። «የእሱ በርበሬ ነዋ። እንዴት አያስታውስዎት!»

«ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው!»

«አይፈሩ፣ ያልቅሱት። ለወንድ ልጅም ተፈቅዷል።»

እኔ በሐሰት መመስገንን የምጸየፍ ሰው ነኝ። ስንቱን ለታይታ የሚያለቅስ ሰው በለቅሶ ቤት በዓይኔ ገሥጬዋለሁ። አሁን እኔው በመንገድ ላይ ተዘርግቼ፣ በማረቆ በርበሬ እያለቀስኩ፣ የጓደኝነት ምሳሌ ሆንኩ። እውነቱን ልናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር ማስነጠስ ይቀድመኛል። ጥበቃው በበኩሉ ስልኩን አውጥቶ ሲጮህ ሰማሁት።

«እትዬ ዘነበች፣ ቶሎ ይምጡ! ገመድ ሻጩ ጋሼ ሱቅዎ በር ላይ ወድቀዋል! አፋቸውም አልናገር ብሏል!»

ዘነበች ቤቷ ተክለ ሃይማኖት ስለሆነ ሩቅ አይደለም። ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ አንድ እግሯ በጫማ፣ አንዱ በነጠላ ጫማ፣ እየሮጠች መጣች። ደረቷን ይዛ ነበር።

«ጋሼ! እርስዎም ሊሄዱብኝ ነው? እኔ ምን አድርጌ ነው?»

«ደህና ነኝ» አልኩና አነጠስኩ።

ውኃ ተገኝቶ ፊቴን አጠበችኝ። ሴቶቹን አመስግና አሰናበተች። ከዚያ ከጉያዋ ቁልፍ አወጣች። «ይቀመጡ፤ በቁምዎ አይንቀጥቀጡ» ብላ ያንን ስፈራው የነበረውን በር ራሷ ከፈተችው።

ቀድሜያት ገባሁ። ካርዱን አየሁትና ረገጥኩት።

ሱቁ ውስጥ የሽፈራው በርጩማ፣ ሚዛኑ፣ ከቆርቆሮ የተሠራ የሲጋራ መተርኮሻው እንዳሉ ናቸው። ዘነበች እነሱን ላለማየት ብላ መሰለኝ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ያኔ እግሬን አየች።

«ጋሼ፣ ወረቀት ረግጠዋል።»

«ቆሻሻ ነው።»

«አበባ ያለው ቆሻሻ?»

እግሬን አነሣሁ። ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ የጫማዬን ጭቃ በቀሚሷ ጠረገችው። ማንበብ ባትችልም ማን እንደላከው ለማወቅ ፊደል አላስፈለጋትም።

«የሱ ካርድ» አለች። ሰጠችኝ። «ያንብቡልኝ።»

ያን ጊዜ ያደረግኩትን እነግራችኋለሁ። ስለ ሐሰት ለልጄ፣ ለደንበኞቼ፣ ለማያውቁኝ ሰዎች ሳይቀር የምሰብክ ሰው ነኝ። ካርዱን ራቅ አድርጌ ያዝኩና ያልተጻፈውን አነበብኩ።

«ለውድ ወንድሜ ለሽፈራው። እንኳን አደረሰህ። አንተ ደግና ቅን ሰው ነህ። አዲሱ ዓመት የጤናና የሰላም…»

«ጋሼ» አለችኝ። «ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኛ።»

«እርስዎ ሽፈራውን ደግ ብለውት አያውቁም።» ፈገግ ለማለት ሞክራ አልሆነላትም። «የእርስዎ ካርድ የመጣ ቀን እኛ ቤት ምን እንደሚሆን ያውቃሉ? ሽፈራው እራት ሳይቀርብ ተነሥቶ ይቆማል። ሆዱን ነፍቶ፣ ጉሮሮውን እንደ እርስዎ ጠርጎ፣ በእርስዎ ድምፅ ያነብልኛል። እኔ በሣቅ ስወድቅ እሱ በሣቁ መሀል ሳሉ ይመጣበታል። ‹ይሄ ሰውዬ ካልሰደበኝ ዓመቱ የተለወጠ አይመስለኝም› ይላል። ይሄኛው የመጨረሻው ነው። የጻፉትን ያንብቡልኝ።»

ዓይኔ ገና ይቃጠል ነበር። ፊደሉ ይደበዝዝብኝ ነበር። የተጻፈውን አነበብኩ።

«ለሽፈራው። እንኳን አደረሰህ። ባለፈው ዓመት ሲጋራ እተዋለሁ ብለህ ምለህልኝ ነበር፤ መሐላህን ከጭሱ ጋር አወጣኸው። ሳልህ ከአንተ ሱቅ እስከ እኔ ሱቅ ሊሰማ ምንም አልቀረው። በዚህ ከቀጠልክ ለሚመጣው ዓመት እንኳን አደረሰህ የሚልህ አይኖርም። ዘነበችን ጥቁር ታለብሳታለህ። አስብበት። ወንድምህ።»

ዘነበች እጅጌዋን አየች፤ በጣቶቿ ዳሰሰችው።

«አለበሰኝ» አለች።

ወደ በርበሬው ጆንያ ዞርኩ። ልክ መሆን ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ልክ ለመሆን ነው የደከምኩት። እዚያ ቆሜ ልክ ከመሆን የከበደ ነገር ተሸክሜ እንደማላውቅ ገባኝ። ሽፈራው ቢኖርና እኔ ተሳስቼ ብሆን፣ ለዓመቱም በእኔ ድምፅ ቢቀልድብኝ ምን ነበረበት?

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ለምን?» አለች። «ከሞተ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚያናግረኝ በሹክሹክታ ነው። ‹አይዞሽ፣ አይዞሽ› ይሉኛል፤ እኔ የሞትኩ ይመስል በእግራቸው ጣት ይረማመዳሉ። ዛሬ ጠዋት በየበሩ ‹አበባየሆሽ› ሲባል እኔ በር ሲደርሱ ልጃገረዶቹ ዝም ብለው አለፉ። እንደ ሰው የተናገረኝ ይሄ ወረቀት ብቻ ነው።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «እባክዎ፣ እኔንም ይቆጡኝ።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እርስዎ አይደሉም እንዴ የሰው ጥፋት የሚታይዎት?»

ፈለግኩ። ሰው ባየሁ ቁጥር ሳልፈልገው የሚታየኝ ጉድለት ያን ቀን ጠፋብኝ። ነጠላዋን አየሁ፣ አንድ ጫማና አንድ ነጠላ ጫማዋን አየሁ፤ የሚያስቆጣ አልሆነልኝም። በመጨረሻ ከንፈሯን አየሁ። ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«እህል ቀምሰሻል?»

«አልወርድ እያለኝ…»

«አልወርድ አለኝ ብሎ ነገር ምንድን ነው!» አልኩ፤ ድምፄ ተመለሰልኝ። «ሰው ከቤቱ አብስሎ፣ በዝናብ ተሸክሞ ያመጣልሽን ምግብ ከድነሽ ታስቀምጫለሽ? ለማን ነው የምትጦሚው? ሽፈራው ይሄን ቢያይ ደስ የሚለው ይመስልሻል? ተነሽ! ቤት እንሂድ። እኔ ፊት ትበያለሽ!»

«እሺ» አለች። ካርዱን ከእጄ ወስዳ ሱቁን ቆለፈች።

ቤቷ ስንደርስ ሰናይት ያመጣችው ወጥ እንደተከደነ ነው። አሞቀችው። አንድ ጉርሻ ጎረሰችና አላመጠች። ቆም አለች። የሚያንቃት መስሎኝ ውኃ ላነሣ ስል ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄ በርበሬ የእኛ አይደለም።»

ወደ ውኃው የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ የሽፈራው በርበሬ አይደለም። ከማን ነው የገዛችሁት?»

ሁለተኛ ውሸት ለመሞከር ድፍረት አልነበረኝም። ሽፈራው ዋጋ አልቀበልም እያለ ስላሳፈረን ባለቤቴ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ እዚያው ሁለት ሱቅ አልፋ፣ በእሱ በኩል እንዳትታይ ተከናንባ ስትገዛ መክረሟን ነገርኳት።

ጉርሻዋን ዋጠች። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ከዚያ? ከዚያ ሰውዬ? ጨው ከሚቀላቅለው? ኮረሪማው እንኳ የት አለ? አያፍሩም እርስዎ? ሽፈራው እየኖረ፣ ወንድሜ እየተባባላችሁ…» ሌላ ጎረሰች። «ደግሞ እሱን ገዝታችሁ ለእኔ ለበርበሬ ሻጭ ሚስት ታመጡልኛላችሁ? ለነገሩ እናንተ ምን ታደርጉ፣ ምላሳችሁን ምክር አደንዝዞት…» እንደገና ጎረሰች።

ሳህኑን እስክትጨርስ ድረስ ቆጣችኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሰማኋት።